ስፖንጁን ጨምቂው

ሚጣዬ፣

ለሥራ ረፍዶብኛል። የሲንኩን ጠርዝ ሻጋታ በበረኪና ፈትጌ ውሃ እንዳያስገባ ማሸጊያ ሲሊኮን ቀብቼዋለሁ። እስከ ነገ ጠብታ ውሃ እንዳይነካው፤ ከሥሩ ያለው ጣውላ አብጦ ሊፈርስ ነው። እቃውን መታጠቢያ ቤት በሳፋ እጠቢው።

ስፖንጁንም ጨምቂው። ውሃ ውስጥ እያደረ ነው የሚገማው። ስንቴ ብነግርሽ፣ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ!

እማዬ «እህትሽን አደራ» ስትለኝ፣ አደራው ጣውላውንም እንደሚጨምር መች አወቅሁ?

እሁድ ገበያ ነበርኩ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። የሚከራይ ክፍል ላይ ነበርኩ። ደስ ይላል፣ ፀሐይ ይገባበታል። አከራይዋ መስኮቱን ስታሳየኝ፣ እኔ ግን በልቤ «ሚጣዬ ቧንቧውን ዘግታው ይሆን?» እላለሁ። የሰጠችኝን ቁልፍ መለስኩላት።

ሳልነግርሽ አንድ ቀን ሲንኩን ደርቆ ባገኘው፣ ሻንጣዬን አንስቼ እወጣ ነበር።

ይኸው፣ ዛሬም ነገርኩሽ።

እህትሽ