የየቅዳሜው ሙሽራ

ለውድ ወንድሜ ለቴሶክ፣

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ? ባሕሩስ እንዴት አድርጎ ይዞሃል? ባለፈው ያመመህ ወገብህ ተሻለህ ወይ? መርከባችሁ ላይ የሚበላው ነገር ለሆድህ ተስማማ? ከላስ ፓልማስ ወደብ የላክኸው ካርድ ደርሶናል፤ አያታችን ትራሷ ሥር አድርጋው ታድራለች። እሷ ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። በርበሬው ደርቆ ገብቷል፣ ለብርዱ ወራት የሚሆነውን ጎመን በሚመጣው ሳምንት ጨው ውስጥ እንነክራለን። እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

ደህና አይደለሁም። አሞኝ ሳይሆን ተናድጄ ነው። ከተናደድኩባቸው ሰዎች አንዱ ደግሞ አንተ ነህ። ፊት ለፊት ብንሆን ይህን አልልህም ነበር፣ ምላሴ ይተሳሰራል። ወረቀት ግን አያፈጥጥብኝም።

በማርች ለዶክጁ የጻፍክለትን ታስታውሳለህ? የመንደር አለቃ ሆኖ ከተሾመ ጀምሮ እንግዳ ማምጣት ነው ሕልሙ። የድሮ ሠርግ እናሳያቸው ብሎ ሲነሣ፣ በመንደራችን በሶልጋይ ከእኔ ሌላ ያላገባች ልጅ አልነበረችም፤ ሌሎቹ ከተማ ገብተው ወይ ፋብሪካ ወይ ትምህርት ላይ ናቸው። አባታችን ስለሌለ የቤቱ ወንድ አንተ ነህና አንተን ጠየቀ። አንተም ‹‹ትሁን፣ ከሰው መግባባት ትልመድ፤ ዓይን አፋርነቷም ይለቃት ይሆናል›› ብለህ መለስክለት። እኔን ግን የጠየቀኝ የለም፤ አንተም፣ እሱም።

ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲህ ነው የሚሆነው። አውቶቡሶቹ ጠዋት ይመጣሉ። ሰዎቹ መጀመሪያ ከወንዙ ማዶ ያለውን ገደል ያያሉ፣ በመንደሩ ድንበር ያለውን አሮጌ ጥድ እየተጋፉ ያቅፋሉ፣ ከዚያ በየጓሯችን ገብተው የአኩሪ አተር ጋኖቻችንን ክዳን እየከፈቱ ያሸታሉ። አያታችን በዝናብና በፀሐይ ስትከድንና ስትከፍት የኖረችውን ጋን አንዲት ሴትዮ ከፍታ አፍንጫዋን ይዛ ስትሮጥ አይቻለሁ። ከሁሉ በኋላ እኔን ያያሉ። ከባዱን ካባ ደርበውብኝ፣ ዘውዱን ደፍተውብኝ፣ ጉንጬና ግንባሬ ላይ ቀይ ነጥብ ለጥፈውብኝ፣ ሁለት ሴቶች በብብቴ ይዘው ያወጡኛል። ዶክጁ በድምፅ ማጉያው ‹‹እዩ፣ ዓይኗን እንዴት እንደምትሰብር! እንዲህ ያለች ሙሽራ ዛሬ የት ትገኛለች? እውነተኛ የድሮ ሰው!›› ይላል። ሰዉ ያጨበጭባል። ወንድም ጋሼ፣ የድሮ ሰው ሆኜ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። ይለቃታል ያልከውን ዓይን አፋርነቴን እነሱ ለእንግዳ ያሳዩታል።

ሙሽራው ደግሞ ከእንግዶቹ አንዱ ነው። መጀመሪያ ዶክጁ የጎረቤታችንን ልጅ ሊያደርግ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ‹‹ብዮን ከብዮን በጨዋታም አይጋባ! እህትና ወንድም አይደሉም ወይ?›› ብለው አገር አፈረሱ። መንደሩ ሁሉ የብዮን ጎሣ ስለሆነ ሙሽራ ከአውቶቡስ ይወርዳል ተባለ። ከጎሣችን ልጅ ጋር መቆም ነውር ሆኖ፣ ስሙን ከማላውቀው ሰው ጋር መቆም ምንም አይደለም። አንዱ አገጬን በጣቱ ቀና አድርጎ ፎቶ ተነሣ። አንዱ አረቄ አረቄ ይሸት ነበር። የገበያው ሴቶች ‹‹ሙሽሪት፣ ዛሬስ ለማን ተዳርሽ?›› እያሉ ይስቁብኛል፤ ስለዚህ ገበያ መሄድ ትቻለሁ።

በቃኝ አላልኩም መሰለህ? ለዶክጁ ነግሬዋለሁ። እንደምታውቀው የእኛ ቤት የታናሽ ልጅ ዘር ስለሆነ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰውዬ በትውልድ ቆጠራ የወንድም ልጃችን ነው፤ ለማሾፍ ሲፈልግ ‹‹አክስቴ›› ይለኛል። ‹‹አክስቴ፣ ተይ እንጂ! ቴሶክ እኮ ፈቅዷል፤ የቤቱ ወንድ ቃል ሰጥቶ አንቺ ልታጥፊው ነው?›› አለኝ። ለአያታችን አለቀስኩላት። ‹‹ምን ሆንሽ? ካባው ሐር ነው። እኔ ያላገኘሁትን አንቺ በየሳምንቱ ትለብሻለሽ›› አለችኝ። በጃፓኖች ዘመን ወታደሮቹ ልጃገረድ እንዳይወስዱ ሲባል በጥድፊያ የተዳረች ናት፤ ዘውድ ደፍታ አታውቅም። የሙሽሪት እናት ሆና ሙሽራው የታማኝነት ምልክት ብሎ የሚያመጣውን የእንጨት ዝይ በቀሚሷ ስትቀበል ፊቷ ያበራል። ያን ፊቷን አይቼ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬን ደግሞ እሺታ አደረጉት።

አሁን የሆነውን ልንገርህ። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ፣ ከሙሽሮቹ ሁሉ ትሑት የሆነ ሰው ወረደ። አርባን የዘለለ፣ ፊቱ ፀሐይ ያቃጠለው፣ ቫሌሪ የሚባል ሰው ነው። ቋንቋችንን ይናገራል፤ ግን እንደ ሟቹ ቅድመ አያታችን ነው የሚናገረው፣ አሮጊቶቹ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ። አያቱ ከጃፓን ሸሽቶ ራሺያ ገብቶ፣ ከዚያ ደግሞ በባቡር ካዛክስታን ተወስዶ የቀረ ሰው ነው። የአያቶቹን አገር ላይ ብሎ ነው የመጣው። ልብሱን አልብሰው አቆሙት። እኔ እንደ ልማዴ ሁለት ጊዜ ሰገድኩ፣ እሱ አንድ ጊዜ፤ ደግሜ ሁለት፣ እሱ አንድ። ወይኑን በቅል ልንቀማምስ ስንል ዶክጁ ለእንግዶቹ ወግ ሊያሳምር ‹‹ሙሽራው ስሙን ይንገረን!›› አለ። ሰውዬውም ደስ ብሎት ‹‹ብዮን ነኝ›› አለ።

ዶክጁ ሰምቶ እንዳልሰማ ሊያልፈው ነበር። ከሽማግሌዎቹ አባባ ሳንግሆን ግን ከበረንዳው ‹‹የየት ብዮን?›› ብለው ጮኹ። ‹‹አያቴ የሶልጋይ ነን ይለኝ ነበር፤ መንደሩ ወንዝ እንደ ክንድ ያቀፈው ነው ይል ነበር።›› ‹‹የአያትህ ስም?›› ‹‹ቴሆ።›› ወንድም ጋሼ፣ ቴ! ያንተው ቴ፣ የኛ ትውልድ ወንዶች ሁሉ ስማቸው የሚጀምርበት፤ አያቱ በቆጠራ የእኔና ያንተ እኩያ ነው ማለት ነው። አባባ ሳንግሆን በጣታቸው ቆጠሩ፣ ከዚያ በከዘራቸው ወለሉን መቱት፤ ‹‹አቁሙ! ቁሙ ብያለሁ! ይህ ሰው ሴት አያቱን ሊያገባ ነው!›› ሴቶቹ ብብቴን ለቀው አፈገፈጉ። ለሥርዓቱ ጠረጴዛው ላይ የታሰረው ዶሮ ጮኸ። እንግዶቹ የትርኢቱ ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ፤ አንዱማ ‹‹ይደገም!›› አለ።

ቫሌሪ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ምንጣፉ ላይ ተደፍቶ፣ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሰገደልኝ። ‹‹አያቴ›› አለኝ። ‹‹አያቴ፣ ዘመድ አለኝ ብዬ አላሰብኩም ነበር›› አለ። እኔ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ በዘውድ አንገቴ ተወጥሮ፣ የአርባ ዓመት ሰው እግሬ ሥር ሲያለቅስ ምን እላለሁ?

ከዚያ መንደሩ ሁሉ ሆ ብሎ እሱን አቀፈ። ሥርዓቱን ያስፈጽም የነበረው ዶሮ ታረደ፣ የሩዝ ጠላ ወጣ። እኔ ካባዬን ደርቤ ጥግ ቆሜ ቀረሁ፤ ዘውዱን የሚያወርድልኝ ያስታወሰ አልነበረም። በልቤ የነደደውን ልንገርህ፤ ሰውዬው ዘመድ በማግኘቱ ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። ግን ያ ነገር በአንድ ቃል ቆመ! ከማርች ጀምሮ ተዉኝ እያልኩ የለመንኩት ነገር፣ የጎሣው ስም ሲነካ በአንድ ከዘራ ቆመ። እንግዲህ ማቆም ይቻል ነበር ማለት ነው።

ሲመሽ ዶክጁን በበሩ አግኝቼ ‹‹ከእንግዲህ ቀረ አይደል?›› አልኩት። ሳቀ። ‹‹ምን ይቀራል አክስቴ? ከእንግዲህ ከማልበሳችን በፊት ዘሩን እንጠይቃለን!›› አለኝ።

በማግስቱ ቫሌሪን ወደ መቃብሮቹ የወሰድኩት እኔ ነኝ። የትኛው የእሱ ቅድመ አያት እንደሆነ ስላላወቅን ለሁሉም ሰገደ። ስንወርድ ‹‹አያቴ፣ ለምን ሁልጊዜ መሬት ታያለሽ?›› አለኝ። ለሰው ያልነገርኩትን ሁሉ ነገርኩት። አዳምጦኝ ‹‹እኔ ገና ትናንት የተገኘሁ ታናሽ ነኝ፤ ሽማግሌዎችን ልገሥጽ አልችልም›› አለ፤ አፈረም። ለእሱም ቢሆን ሥርዓት አፍ ይዘጋል።

ስለዚህ ያለፈው ቅዳሜ በሬን ከውስጥ ቀርቅሬ ተቀመጥኩ። ዶክጁ መጣ፤ ‹‹አክስቴ፣ ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ቆሟል፤ አታዋርጂኝ›› አለ። ሴቶቹ መጡ። አያታችን መጣች፤ ለመነች፣ ተቆጣች፣ ‹‹እንዲህ ግትር መሆንሽን አላውቅም ነበር›› ብላ ሄደች። ቆየት ብሎ ሳቅ ሰማሁ። በሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ቀዳዳ ሳይ፣ ወንድም ጋሼ፣ አያታችን ናት! ካባውን ደርባ፣ ዘውዱን ደፍታ፣ የተሸበሸበ ጉንጯ ላይ ቀይ ነጥብ ለጥፋ፣ በብብቷ ይዘው ያወጧታል። እንግዳ እንዳያፍር ብላ ነው። ሙሽራው የልጅ ልጇ የሚያህል ጎረምሳ ነበር። ‹‹ሙሽሪት፣ ጥርስሽን አሳዪን!›› አሉ፣ ካሜራ ፊቷ ላይ ደገኑባት፣ ጉልበቷ እምቢ ሲላት ‹‹አንዴ ድገሚው›› አሉ። ልወጣ ሁለቴ መቀርቀሪያውን ያዝኩ። አልወጣሁም። እንዴት እንደከበደኝ አትጠይቀኝ።

ስትገባ ፊቷን ታጠበች። እራት በላን። መኝታ ሲደርስ አጠገቤ ቁጭ ብላ በሸካራ እጇ የአንገቴን ሥር ዳበሰች፣ ዘውዱ የሚጫንበትን ቦታ። ‹‹ይሄ ነገር እንዲህ ይከብዳል እንዴ?›› አለችኝ። ‹‹ይከብዳል›› አልኳት። ጠዋት ካባውን አጥፋ፣ ዘውዱን ከላይ አድርጋ፣ ራሷ ተሸክማ ዶክጁ ደጅ አስቀምጣ መጣች።

እሱ ግን አሁንም የቴሶክ ቃል አለኝ እያለ ነው። ለአያታችን የገባት ለብሳው ነው። አንተ ልትለብሰው ስለማትችል ጻፍኩልህ። ፈቃድ እየለመንኩህ አይደለም፤ ያለፈቃዴ የሰጠኸውን ቃል መልሰህ ውሰድ። ለዶክጁ ሳይሆን ለሽማግሌዎቹ ጻፍ፣ በትልልቁ ጻፈው፣ አባባ ሳንግሆን ዓይናቸው ደክሟል። ደብዳቤህ እስኪደርስ ብዙ ቅዳሜ እንደሚያልፍ አውቃለሁ። በሬ ተቀርቅሮ ይጠብቃል።

አያታችን ‹‹ብርድ ላይ ራስህን ሸፍን፣ ዓሣ በላሁ ብለህ ሩዝ አትተው›› ብላሃለች። አባባ ሳንግሆን ሰላም ብለውሃል፤ ስለ ቴሆ ዘር መገኘት አንተም እንድትሰማ አዝዘዋል። ቫሌሪ ከመሄዱ በፊት ‹‹ለማላውቀው አያቴ›› ብሎ ላንተ ሰግዷል፤ እንግዲህ አንተም አያት ሆነሃል። እኔም ተናድጄም ቢሆን እናፍቅሃለሁ፤ በሰላም ያውርድህ።

እህትህ ሀክሱን
ሶልጋይ መንደር፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1996