የሽማግሌው ታሪክ የእኔ ነው

አንተ፣

ሻወሩ ሲንሿሿ ድምፅህን ሰማሁ። ለዛሬው የነርሲንግ ትምህርት ቤት ቃለ መጠይቅ ትለማመዳለህ፦ «ሽባ የሆኑ አባት ሦስት ወር በማንኪያ አጉርሻለሁ...»

ያጎረስኳቸው እኔ ነኝ! አንተ የሆስፒታል ልምምድ ሰዓትህን ካርድ ክፍል ስልክህን ስትነካካ ጨረስከው። ማታ ቤት ስለሳቸው ሳወራህ «ወይ ሞግዚቱ!» ብለህ ስቀህብኛል። ልምምድ ለመግቢያ የሚጠቅመው በፊርማው ብቻ መሰለህ?

በየትኛው ጉንጫቸው እንደሚያኝኩ እንኳ አታውቅም። ጠያቂዋ ግን ታውቃለች፤ ከጎኔ ቆማ ያስተማረችኝ የዎርዳችን ሲስተር ናት። ጠያቂዋ እሷ መሆኗን ከትናንት ወዲያ ሰምቼ ሳልነግርህ መቅረቴ ደግ አልነበረም።

ከአንተ ቀጥሎ የምገባው እኔ ነኝ፤ ያንኑ ታሪክ ይዤ። ሌላ ታሪክ የለኝም።

ሸሚዝህን ተኩሼልሃለሁ።
ሻይ ጥጃለሁ፤ ምድጃውን አጥፋ።

የቤቱ ቁልፌ ጫማህ ውስጥ ነው። ልብሴን ሁሉ ይዤ ወጥቻለሁ።