ከካርታው ላይ አጥፊኝ ያልከኝ ቀን

አሰላሙ ዐለይኩም አባዬ፤

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ልጽፍልህ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ትቼዋለሁ። ሥራዬ ጽሑፍ ማሳመር ስለሆነ እጄ ሳላዝዘው ነገሩን ያሳምረዋል። አንተ ደግሞ ያማረ ወሬ ሲረዝምብህ መነጽርህን አውልቀህ መወልወል ትጀምር ነበር። ስለዚህ ጉዳዩን ከፊት ላስቀምጠው፦ በድዬሃለሁ። የበደልኩህ ሰው በሞላበት አዳራሽ ስለሆነ፣ ይቅርታውንም ሰው እያነበበው ልጠይቅህ ብዬ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ጉልበቷ የሰፈራችንን የአዲስ ዓለምን ዳገት እምቢ ስላላት ገበያ የምትሄደው በባጃጅ ነው፤ ባለባጃጁን ሁሉ "ቀስ በል" እያለች ታስመርረዋለች። ወንድሜ ጀማል ማስተማሩን አልተወም። ጠዋት ትምህርት ቤት ይውላል፣ ከሰዓት ሱቁን ይከፍታል። ጋቢ ማጠፍ ለምዷል። ቡልኮውንም አንተ በደረደርክበት መደርደሪያ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ክር ዳብሶ የማን እጅ እንደሆነ ማወቅ ግን አልሆነለትም።

ልጅ ሆኜ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ይዘኸኝ ስትሄድ፣ አባት የሆነ ሰው ሁሉ ይህን የሚችል ይመስለኝ ነበር። ሴቶቹ የፈተሉትን ከፊታቸው አድርገው ይቀመጣሉ። አንተ ክሩን በሁለት ጣትህ ሳብ ታደርግና "ይሄ የፋንታዬ ነው፤ ዘንድሮ እጇን አሟታል መሰል" ትላለህ። ፋንታዬ የተባሉት ሴትዮ ከወዲያ ሆነው "ምነው፣ ይሄ ሰውዬ ማን ነገረው?" ብለው ይስቃሉ። እውነትም እጃቸውን አሟቸው ነበር። ስንመለስ አውቶቡሱ ኮሶዬ ላይ ሲቆም በጋቢህ ጠቅልለህ ታወርደኝና ለባለ ምግብ ቤቷም፣ ለሾፌሩም፣ ላገኘኸው ሁሉ "ልጄ ሰሚራ ናት" እያልክ ታስተዋውቀኝ ነበር። ስትናገር ደረትህ ይነፋ ነበር።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

አዲስ አበባ ሥራ ስጀምር ምን እንደምሠራ ጠየቅኸኝ። ሱቁ ውስጥ ነበርን። "ሰው ስልኩ ላይ 'ጎንደር ጋቢ' ብሎ ሲፈልግ ያንተ ሱቅ ከሁሉ ቀድሞ እንዲመጣ ማድረግ ነው" አልኩህ። ትንሽ አሰብክና "የሌላውስ?" አልከኝ። "ከሥር ይሰለፋል።" "ከሥር ያለውን ማን ያየዋል?" "ማንም! ለዚህ አይደል የሚቀጥሩን" ብዬ ሳቅሁ። አንተ አልሳቅህም። እኔ ያልገባህ መሰለኝ።

ያን ሰሞን ሱቅህን በኢንተርኔት አወጣሁት። ፎቶውን፣ ስልክህን፣ ካርታው ላይ ያለበትን ቦታ ሁሉ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ሰው ስልኩን በእጁ ይዞ አንተን ብሎ መምጣት ጀመረ። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሙሽሮች፣ እንግዶች፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን። እኔ መሥሪያ ቤት ሆኜ ስንት ሰው እንደፈለገህ እያየሁ እኩራራ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ደወልክ።

"ሰሚራዬ፣ ያንን ነገር አንሺልኝ። ከካርታው ላይ አጥፊኝ።"

"ምነው አባዬ፣ ሰው አልመጣም?"

"መጥቷል። በቃኝ። ስልኩም ሶላት ላይ ይጮህብኛል።"

ሶላት ላይ ዝጋው አልኩህ። ጀማል ያንሳልህ አልኩህ። "አጥፊኝ ብያለሁ" አልከኝ፣ በስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅህን ከፍ አድርገህ። እኔም ተናድጄ እዚያው አጠፋሁት። ለምን ብዬ ደግሜ አልጠየቅሁህም።

በዓመቱ አዲስ አበባ ትልቅ የዲጂታል ግብይት ጉባኤ ተዘጋጀና እንድናገር ተጠራሁ። እስከዚያ ድረስ እንደነዚህ ባሉ ጉባኤዎች ላይ ስሜ የተጻፈበትን ባጅ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከኋላ ወንበር የምቀመጥ ሰው ነበርኩ። በሻይ እረፍት ቆመን ካርድ እንለዋወጣለን፣ ማን ምን አዲስ ዘዴ እንዳወቀ እንጠያየቃለን፣ መድረክ ላይ በወጣው እንቀናለን። ያን ቀን ተራው የእኔ ሆነ። ከእኔ በፊት የተናገሩት ሁለት ሰዎች ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሰንጠረዥ ላይ ሰንጠረዥ እየደረደሩ ሰውን አሰልችተውት ነበር። ገሚሱ ስልኩን ይነካካል፣ ገሚሱ ምሳ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠያየቃል። ፈራሁ አባዬ። ለምሳሌ ብዬ ካዘጋጀሁት ገጽ ላይ ፎቶህ ነበረ፤ በኢድ ቀን ሱቁ በር ላይ ተቀምጠህ ሳላስፈቅድህ ያነሳሁት። እሱን ትልቁ ስክሪን ላይ አወጣሁና ያጠናሁትን ትቼ ስለ አንተ ማውራት ጀመርኩ።

"ሰው ሁሉ ልገኝ ብሎ ይከፍለናል፤ የእኔ አባት ግን አጥፊኝ ብሎ ይለምነኛል" አልኩ። ሳቁ። ሲስቁ ደስ አለኝና ድምፅህን ኮረጅሁት። ከመናገርህ በፊት የምትስላትን ሳል፣ ነገርህን የምትጎትትበትን ጉተታ፣ "ስልኩም ሶላት ላይ ይጮህብኛል" ያልከውን። አዳራሹ ፈነዳ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ሰውዬ እንባውን ጠረገ። እኔም መጨረሻ ላይ ወደ ፎቶህ ዞሬ፣ "ዓለም ጥሎት የሄደ ሰው ይህን ይመስላል" አልኩ።

ይህን ዐረፍተ ነገር ሁለቴ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ግን ብያለሁ። አጨበጨቡልኝ።

ንግግሩ ተቀርጾ ተለቀቀ፤ ሰው ተቀባበለው። ናይሮቢ የሚደረግ ሌላ ጉባኤ አዘጋጆችም አይተውት ያንኑ በእንግሊዝኛ እንድደግምላቸው ጠሩኝ።

ልሄድ ሳምንት ሲቀረኝ ደወልክልኝ። ከሰሞኑ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥርህ እንደነበር እማዬ ነግራኛለች። "ሐኪሙ ማክሰኞ ና ብሎኛል፤ ብትኖሪ ሸጋ ነበር" አልከኝ። ከአንተ አፍ ይህ ትልቅ ልመና ነው። ታመህ እንኳ "ደህና ነኝ" የምትል ሰው ነህ። እኔ ግን፣ "ናይሮቢ ጉባኤ አለብኝ አባዬ፣ ጀማል ይወስድሃል፤ ስመለስ በቀጥታ እመጣለሁ" አልኩህ።

"ምን ልትናገሪ ነው?" አልከኝ።

"ስለ ሥራ ነው፤ ዝም ብሎ የቴክኖሎጂ ነገር።"

"እሺ። ሸጋ አድርገሽ ተናገሪ" አልከኝና ዘጋህ።

የሐኪሙ ማክሰኞ አልደረሰልህም። ሰኞ ጠዋት ሱቅ ልትከፍት ስትለብስ ወደቅህ። እኔ በዚያ ሰዓት ናይሮቢ መድረክ ላይ ቆሜ፣ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ዘግቼ፣ ሳልህን እስል ነበር። በእንግሊዝኛ ሳቁ ያን ያህል አልነበረም። ወርጄ ስልኬን ስከፍት የጀማልን ጥሪ አየሁት። መልሼ ስደውል ሰላም እንኳ ሳይለኝ "ኢናሊላሂ" አለኝ። ከዐስር ሶላት በኋላ ሲቀብሩህ እኔ አየር ማረፊያ ወንበር ላይ ባጄን ሳላወልቅ ተቀምጬ ነበር። ጎንደር፣ አዘዞ የደረስኩት በማግስቱ ነው። የአፈርህን እርጥበት እንጂ ፊትህን አላየሁም።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤትህ ወደ እኔ መጣ። ካንተ ሱቅ ቀጥሎ ሠላሳ ዓመት ጋቢ የሸጠው ወዳጅህ። እዚህ አያ ሞላ እለዋለሁ፤ ስሙ ሌላ ነው፣ ማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ከሴቶቹ መሀል አስጠራኝና ግቢው ጥግ ላይ ቆምን። ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ ነበር።

"ልጄ፣ ይቆጨኛል፤ ልንገርሽ" አለኝ። "ያ ያወጣሽው ነገር እያለ ሰው ስልኩን እያየ የእኔን በር አልፎ ይሄድ ነበር። ቀና ብሎ አያየኝም። እኔ ለአባትሽ፣ ለኑሩ፣ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። እሱ ግን በሩ ላይ ሆኖ አየኝ። አንድ ቀን መጥቶ 'ሞላ፣ ልጄን አጥፊልኝ ብያታለሁ' አለኝ። 'ምነው፣ ምክንያቱን ነገርካት ወይ?' ብለው፣ 'ያንተን ስም አንስቼ?' አለኝ።"

ቆሜ ሰማሁት።

"ንግግርሽንም ሰምቶታል" አለኝ ቀጥሎ። "ያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ደንበኛው 'ልጅዎ ናት' ብሎ በስልክ አሳየው። እኔም አጠገቡ ነበርኩ። እስከ መጨረሻው አየው። እኔ ተናድጄ 'ደውዬ እውነቱን ልንገራት' ስለው፣ 'ተው፣ እንጀራዋ ነው' አለኝ። ደግሞ 'እንዴት እንደሳቁላት አየህ?' አለኝ። ከዚያ ያን ከሰዓት ሱቁን ዘግቶ ሄደ።"

መቼ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ናይሮቢ ከመሄዴ ከወር በፊት ነበር። እንግዲህ "ምን ልትናገሪ ነው?" ስትለኝ ታውቅ ነበር። እንድነግርህ ደጁን ከፍተህ ቆመህ ነበር። እኔ ዋሸሁህ፣ አንተም ውሸቴን ተቀብለህ "ሸጋ አድርገሽ ተናገሪ" አልከኝ። ሌላውን ሁሉ አንዳንድ ቀን እረሳዋለሁ አባዬ፤ ይህችን ግን አልቻልኩም።

አዘጋጆቹን ለምኜ ንግግሩን አስነሳሁት። ሰው ቆርጦ ያስቀረው ግን እስካሁን ይዞራል። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንደማይጠፋ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሥራዬን ተውኩ ብዬ ልዋሽህ አልፈልግም፤ አልተውኩም። አሁን የሱቅ ሥራ ሲመጣልኝ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይገረማል፣ አንዳንዱ "ምን አገባሽ?" ይለኛል። አያ ሞላንም ካርታው ላይ ላውጣህ ብለው፣ "ኑሩ ከጎኔ የለ፣ ማንን ልቀድም ነው?" ብሎ እምቢ አለኝ።

ዘንድሮም ጉባኤው ላይ ተጠርቼ ነበር። ፎቶህን አላሳየሁም። አባቴ አጥፊኝ ያለኝ ለምን እንደነበር ልናገር ብዬ ወጣሁ። "አባቴ ከካርታው ላይ አጥፊኝ አለኝ" ብዬ ስጀምር፣ የድሮውን የሚያውቅ አንድ ሰው ከመሀል ቀድሞ ሳቀ፤ ቀልዱን እየጠበቀ ነበር። ቀጠልኩ። ሳቁን አቆመ። የጎረቤትህን ሥራም ከተማም ሳልጠራ ጨረስኩት። ያጨበጨበ ጥቂት ነው። ገሚሱ ለሻይ ተነስቶ ነበር። እኔም ወርጄ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ደርሶልኝ ቢሆን ኖሮ ያን ንግግር መስማት የነበረብህ አንተ ነህ።

ባለፈው ጁምዓ ጎንደር ነበርኩ። እማዬ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ድንገት "እስኪ እንደ አባትሽ ተናገሪ" አለችኝ። የሰማሁትን አላመንኩም። "ያን መድረክ ላይ ያደረግሽውን። ጀማል አስደምጦኛል። ቁርጥ እሱን ነው" አለች።

"አልችልም እማዬ። ተይኝ።"

"ለእነሱ ያደረግሽውን ለእኔ ትከለክይኛለሽ?" አለችኝ። ቁጣ አልነበረም። "ድምፁ እየጠፋብኝ ነው እኮ ልጄ።"

ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ አንዴ ሳልኩ፣ ከዚያ አንተ ከበር ስትገባ እንደምትጠራት ጎተት አድርጌ "ዘሃራ" አልኩ። ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። ሳቀች፣ ሻሿን ሳብ አድርጋ ፊቷን ሸፈነች። ብዙ ቆይታ ከሻሹ ሥር "ድገሚው" አለችኝ። ደገምኩት።

አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አባዬ። አላህ ይዘንልህ፣ ማረፊያህን ያስፋልህ። ከእንግዲህ ለማንም ሳቅ ብዬ ድምፅህን በመድረክ ላይ አላወጣውም። እማዬ በጠየቀችኝ ቁጥር ግን እጠራታለሁ፤ እሷ ባትጠይቀኝም የጀማልን ልጆች በድምፅህ እጠራቸዋለሁ፣ አያታችሁ እንዲህ ነበር የሚጠራችሁ እያልኩ። እኔም በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ ያልጠየቅሁህን "ለምን" ሌላውን ሰው ሁሉ እየጠየቅሁ አስታውስሃለሁ።

ልጅህ ሰሚራ