ብረት የተሰፋበት ቀሚስ

ለውድ ባለቤቴ ለማርታ፤

ሞት ከለያየን አራት ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዲት መስመር እንኳ አልጻፍሁልሽም። ዛሬ የምጽፈው ብርታት አግኝቼ ሳይሆን ዝም ማለቱ ስለ ደከመኝ ነው።

ቤታችን እንደ ነበረ አለ ማለት አልችልም። የጓሮው እንሰት ተመናምኗል፤ የስፌት መኪናሽን በአንሶላ ሸፍኜዋለሁ፤ በደጃችን የሚያልፈው ባጃጅ ከማለዳ ጀምሮ ዕረፍት አይሰጥም። ቤተ ክርስቲያናችንም ተጠማቂዎችን ወንዝ ማውረድ ትታ በግቢዋ የሲሚንቶ ገንዳ አሠርታለች። የልጅ ልጃችን ምሕረት ዐሥራ ስድስት ዓመት ሞልቷት ከእኔ ጋር ትኖራለች። የምነግርሽም ስለ እርሷ ነው።

ምሕረት ዋና ልማር አለችኝ። እዚሁ ሶዶ ውስጥ አንድ ሆቴል መዋኛ ገንዳ አለው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አንዲት ወጣት አሠልጣኝ ሴቶች ልጆችን ታስተምርበታለች። መማሯን አልተቃወምሁም፤ የተቃወምሁት ልብሱን ነው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የልጅ ልጅ ጭኗን አሳይታ በሰው ፊት አትቆምም አልሁ። እርሷ አልተከራከረችኝም፤ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና የዋና ልብስን ታሪክ ታነብልኝ ጀመር። የአውሮፓ ሴቶች በአንድ ወቅት እስከ ቁርጭምጭሚት በሚደርስ የሱፍ ቀሚስና በካልሲ ወደ ባሕር ይገቡ ነበር አለች። ሰው እንዳያያቸው ጎማ ባለው የእንጨት ጎጆ ውስጥ ተቀምጠው ፈረስ ወደ ውኃው ይጎትታቸው ነበር። ቀሚሱ አጥሮ ክንድና ጉልበት መታየት በጀመረ ጊዜ ደግሞ በባሕር ዳርቻ ሜትር ይዘው የሴቶችን ልብስ የሚለኩ ፖሊሶች ነበሩ። «አባባ፣ ያኔ ቢኖሩ ኖሮ ሜትሩን የሚይዙት እርስዎ ነበሩ» ብላ ሳቀችብኝ።

ቀጥላ ያነበበችውን ግን ደግማ እንድታነብልኝ አዘዝኋት። ቀሚሱ በውኃው ላይ ተንሳፍፎ ገላቸውን እንዳያጋልጥ በጠርዙ ውስጥ ከባድ ብረት ይሰፉበት ነበር። ማርታዬ፣ አንቺም ለሚጠመቁ ሴቶች በሰፋሻቸው ነጭ ቀሚሶች ጠርዝ ውስጥ ከጋራዥ የለመንሻቸውን ሮንዴላዎች፣ እነዚያን በቡሎን ሥር የሚገቡ ክብ ብረቶች፣ ትሰፊባቸው ነበር። ማንም ሳያስተምርሽ በራስሽ ደርሰሽበታል። ኮራሁብሽ፤ ኩራቴም ዓይኔን ጋረደው። ከሣጥኑ አንዱን ቀሚስ አውጥቼ የምትዋኚው በዚህ ነው አልኋት።

በገንዳው በር ላይ ያለ ዋና ልብስ መግባት ክልክል እንደ ሆነ ተጽፏል። ሥራ አስኪያጁ ተማሪዬ ነበር። «መምህር፣ ደንቡ እኮ ለልጆቹ ደኅንነት ነው» አለኝ። እኔ ግን በማስታወቂያው ላይ ያሉትን ሁለት የፊደል ግድፈቶች በጣቴ አሳየሁት። አፈረና አስገባን።

ጥልቀት በሌለው በኩል ሳለች ሁሉም ደኅና ነበር። ወደ ጥልቁ ስትሻገር ቀሚሱ እግሮቿን ጠመጠማቸው፤ ብረቱም ወደ ታች ሳባት። እኔ ገንዳው ዳር ቆሜ ስሟን እጠራ ነበር፤ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም። አሠልጣኟ ዘልላ ገብታ አወጣቻት። ቆሞ ለሚጠመቅ ሰው የሚበጀው ብረት፣ እግር ወለል በማይነካበት ውኃ የሚያሰጥም መሆኑን፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር የኖርሁት ሰው አላሰብሁትም።

ምሕረት አልወቀሰችኝም፤ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ወደ ገንዳው አልሄደችም። ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ እንኳ ትንፋሿን ይዛ ዓይኗን ስትጨፍን አየሁ። የእኔ እልኸኝነት ፍርሃት ሆኖ በእርሷ ውስጥ እንዳይቀር ሰጋሁ።

በአራተኛው ሳምንት ብቻዬን ገበያ ወጥቼ የሴት የዋና ልብስ ጠየቅሁ። ባለሱቋ «ለማን ነው አባባ፣ ለራስዎ ነው?» ብላ ቀለደችብኝ፤ ጎረቤቶቿም ሳቁ። እጅጌውና እግሩ ረዘም ያለ፣ ገላ ላይ የሚጣበቅ ጥቁር ሰማያዊ ልብስ ገዛሁ። በእጄ ስይዘው ከመሐረብ አይከብድም ነበር።

ቅዳሜ አብሬያት ሄድሁ። ልብሱን ለብሳ ገንዳው ዳር ረጅም ጊዜ ቆመች። «ፀሐዩ ይመታዎታል፣ ወደ ጥላው ይግቡ» አለችኝ። እዚሁ ነኝ አልኋት፤ ፊቴንም አላዞርሁም። ቀስ ብላ ገባች። መጀመሪያ ጠርዙን ይዛ ቆየች፤ ከዚያ ለቀቀችውና ወደ ጥልቁ አለፈች።

እርሷን ሳይ ሐዋሳ ትዝ አለኝ። ወጣቶች ሳለን፣ መምህራን ከነቤተሰባችን ሐይቁን ልናይ በሄድን ጊዜ፣ እስከ ጉልበቴ ብቻ ልግባ ብለሽ ፈቃድ ጠየቅሽኝ። ሰው ያያል አልሁሽ። ያወለቅሽውን ጫማ መልሰሽ አጠለቅሽ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ውኃ ጠይቀሽኝ አታውቂም። የሌሎች ሴቶችን የውኃ ልብስ ስትሰፊ ኖርሽ፤ እኔም ስትሰፊ ምን እንደምታስቢ አንድ ቀን አልጠየቅሁሽም።

እግሬ እስከ ቻለ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጂቱ ጋር እሄዳለሁ። ስለ አንቺ ሲጠይቁኝ፣ ማርታ ጎበዝ ልብስ ሰፊ ነበረች እያልሁ እመልስ ነበር። ከእንግዲህ ግን፣ ወደ ውኃው መግባት ትፈልግ ነበር ብዬም እናገራለሁ። የከለከልኋት እኔ ነኝ እላለሁ።

ባለቤትሽ