ፊቱ ያልታየ ልጅ

ናዋይሎአ፣ ከወንዙ በላይ

ውድ ቲቲሊያ፣

ይህን ደብዳቤ ያመጣልሽ ወንድምሽ ሩሲያቴ ነው። አሁን ደጅሽ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬቱን እያየ ይሆናል። አትቸኩዪ፤ ሰውዬው መጠበቅ ያውቅበታል። ባሕር ስለማይወድ መርከቡ ላይ አስመልሶት ይሆናልና ሻይ ስጪው። ስኳሩን አብዢለት፤ አፍ አውጥቶ አይጠይቅም እንጂ ይወዳል።

እኔ ኡላሚላ ነኝ፣ ሚስቱ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ስለገባሁ አንተዋወቅም። ግን በአንቺ ምድጃ ነው የማበስለው፣ አንቺ ከተከልሽው ብርቱካን ነው የምለቅመው። (ኮምጣጣ ነው። ምን አስበሽ ነው የተከልሽው?) በወጋችን የወንድም ሚስትና የባል እህት እንዳሻቸው ይቀላለዳሉ፤ ስለዚህ ባላውቅሽም መብቴን ከዛሬ ጀምሬ እጠቀምበታለሁ። ወንድምሽ ግን አንዲት ቃል ሊተነፍስልሽ አይችልም። ወንድምና እህት ካደጉ በኋላ ፊት ለፊት አይነጋገሩም የሚለው የእናንተ የተራራ ሰዎች ሕግ እዚህ ዛሬም ንቅንቅ አላለም። እኔ የጠረፍ ልጅ ነኝ፣ እኛ ዘንድ ላላ ይላል። ደብዳቤውን እሱ እንዲጽፈው ለምኜው ነበር። «ወረቀትም አፍ ነው» አለኝና ብዕሩን እጄ ላይ አስቀመጠው። አሁንም ከኋላዬ ቆሞ «በያት... በያት...» ይላል። ምን ልበላት ስለው ጣራውን ያያል።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። ልጅሽ እዚህ መጥቶ ነበር። ነግሮሽ እንደሆነ አላውቅም፤ ካልነገረሽም አትቆጪው፣ ምንም አላጠፋም።

የመጣው በሥራ ነው። ከላይኛው ምንጭ እስከ መንደሩ የቧንቧ ውኃ ሊያስገቡ ሠራተኞች ተላኩ። አለቃቸው ራም ሳሚ የሚባል ቀልደኛ ሽማግሌ ነው። ከመኪና ሲወርዱ እኔ ወንዝ ዳር ልብስ አጥብ ነበር። ከመካከላቸው አንድ ረጅም ልጅ ቧንቧ ተሸክሞ ድልድዩን ሲሻገር አየሁት፤ ግራ እግሩን ወደ ውጭ ጣል እያደረገ ይራመዳል። ያን አረማመድ ከጋብቻዬ ቀን ጀምሮ ከኋላው ስከተለው ኖሬአለሁ። የባሌ ነው፣ የአባቱም ነው። አብረውኝ የሚያጥቡት ሴቶች ሁሉ ማሸታቸውን ትተው ቀና አሉ። ከዚያ አንዷ «ሳሙናሽ ሄደልሽ» አለችኝ፤ እውነትም ውኃው ወስዶታል።

ማታውኑ ስሙን ሰማን፣ ኔማኒ። አባቱ ሳኪዩሳ የሚባል ከባሕሩ ማዶ የላምባሳ ሰው ነው ተባለ። እናቱን ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አላነሳት።

አንቺ ሕጉን ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን ለራሴ እንዲገባኝ ልጻፈው። የበኩር ልጅ ሲወለድ የአባቱ ወገኖች የዓሣ ነባሪ ጥርስና ሰሌን ይዘው፣ ልጁን መሐል አድርገው፣ ወደ እናቱ መንደር መጥተው ፊቱን ያሳያሉ። ፊቱ ካልታየ ያ ልጅ እዚህ መንደር የለም ማለት ነው። ቢመጣም አይታይም፣ በስሙ አይጠራም፣ ቤት አይገባም። ከታየ ደግሞ ጌታ ነው፤ የአጎቱን አሳማ ፈትቶ ቢወስድ ተው የሚለው የለም። ያንቺ ልጅ ፊት ለምን እንዳልታየ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ከሳኪዩሳ ጋር በግንድ መጫኛ መኪናው ከሄድሽ በኋላ ወገኖቹ ጥርስ ይዘው ይቅርታ ሊሉ መጥተው ነበር። አባትሽ ያን ዕለት ጎደሬ ልንቀል ብለው ተራራ ወጡና በዚያው አመሹ። ጥርሱን አንስቶ ይቅርታውን የሚቀበል ጠፋ። ያልተነሳ ጥርስ ይዞ የተመለሰ ወገን ደግሞ ሁለተኛ አይመጣም። አንቺም «ሳልጠራ አልመጣም» አልሽ አሉ። እናንተ ቤት እልህ ከጡት ጋር ነው የሚጠባው።

እና አንድ የማይታይ ሰው መንደር መሐል አካፋ ይዞ ሲዞር አስቢው። ነገሩ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነ። ሠራተኞቹ የሚያድሩት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነበር። የመጀመሪያው ማታ አንዷ ጎረቤታችን በኮኮናት የተሠራ ዓሣ ይዛ ሄደች። በማግስቱ ዶሮ ታረደ። ከዚያ ወዲያ ማን ከማን ያንሳል ተብሎ ሰልፍ ሆነ። ራም ሳሚ ግራ ቢገባው እኔን ያዘኝ።

«እመቤቴ፣ እኔ ቧንቧ ስቀብር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሻይና ብስኩት ከሰጡኝ ተመስገን ነው የምለው። እዚህ ግን በየቀኑ ሠርግ ነው። ምን አድርገንላችሁ ነው?»

«ውኃ ስለምታመጡልን ነዋ።»

«ውኃው ገና አልመጣም እኮ!»

«እንግዲያው ብሉና ቶሎ አምጡት።»

አልለቀቀኝም። «ትልቁ ሳህን ሁልጊዜ የሚቀመጠው ኔማኒ እግር ስር ነው» አለኝ። «ያስቀመጠውም ሰው ወደ ሰማይ እያየ ይሄዳል። ሰማዩ ላይ ምን አለ?»

«ዝናብ ይመጣ እንደሆን እያየን ነው» አልኩት።

«በዚህ ዓይነት ዝናብ የሚጠብቅ ሕዝብ አይቼ አላውቅም» ብሎ ሳቀ። የገባው ይመስለኛል።

ወንድምሽ ደግሞ የባሰ ነው። የመንደሩ ወንዶች ቦይ በመቆፈር ይረዱ ስለነበር አጎትና የእህት ልጅ አንድ ቦይ ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ሆነው ሲቆፍሩ ይውላሉ። አንድ ቀን ሩሲያቴ ማንንም የማያስነካውን አካፋውን እጀታውን አድሶ ቦዩ ዳር ጥሎት መጣ። በማግስቱ አካፋው ልጁ እጅ ላይ ነበር። ያን ማታ የያንጎና መጠጡን እየጠጣ ለግድግዳው ፈገግ ሲል ያዝኩት። «አያያዙ ጥሩ ነው» አለኝ። የማታው ወሬ በዚሁ አለቀ።

እዚህ ላይ ያለ ቀልድ አንድ ነገር ልንገርሽ። ልጅሽን አሳድገሻል። ከቤቶቹ መሐል ያለውን ሜዳ አንድም ቀን አላቋረጠም፤ ዕቃ ተሸክሞ እንኳ በጓሮ በኩል ዞሮ ነው የሚያልፈው። መንደር ሲገባ ኮፍያውን ያወልቃል። ወንዝ ሲወርድ ሴቶች ይኖሩ ይሆናል ብሎ ከሩቅ እያሳለ ይመጣል። የማንም ደፍ ላይ አልቆመም። ፊቱ ያልታየ ልጅ እንዴት መሆን እንዳለበት ጠንቅቆ ያውቃል፤ ይህን ደግሞ የላምባሳ ሰዎች አያስተምሩትም። ሴቶቹ ይህን አይተው «ቲቲሊያ አልረሳችንም» አሉ። ስምሽ በአፋችን ከተጠራ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ወንዝ ዳር ያለ አንቺ ወሬ የለም።

አሁን ወደ አባትሽ ልምጣ። ዓይናቸው እየጠፋ ነው፣ ቲቲሊያ። የጤና ጣቢያችን ነርስ መርምራቸው ነበር፤ ይሄ በቀዶ ጥገና የሚመለስ ዓይነት አይደለም፣ የጠፋው ጠፍቷል፣ የቀረውም ቀስ እያለ ይሄዳል አለችን። አሁን በቀርከሃ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው መሐል መሐሉን ብቻ ነው የሚያዩት። ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ዘርግተው በቀዳዳዋ ጣቶቻቸውን ይፈልጋሉ።

የልጁን መምጣት ማንም አልነገራቸውም፤ መንገርም አላስፈለገም። በሁለተኛው ቀን ጠሩኝና «ኡላሚላ፣ በሩ ላይ ሰሌን ስቀዪልኝ» አሉኝ።

«ለምን አባባ? ይጨልምብዎታል እኮ።»

«ስቀዪ አልኩሽ።»

ሰቀልኩ። ልጁ የሚቆፍረው በዚያ በኩል ነበር። ቀን አልፎ ቀን ሲተካ ከሰሌኑ ኋላ ቁጭ ብለው የአካፋውን ድምፅ ሲሰሙ አይቼ ታግሼ ታግሼ በመጨረሻ ፈነዳሁ። አማት ፊት ድምፅ አይነሳም፤ እኔ አነሳሁ።

«ይህን የመሰለ ልጅ ደጅዎ ቆሟል፤ ዓይንዎም እየሄደ ነው። አንዴ ገለጥ አድርገው ቢያዩት ማን ይከስዎታል?»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ለስለስ አድርገው «የልጅ ልጄን ሰርቄ ልየው ነው የምትዪኝ?» አሉ። ወጥቼ ኩሽና ውስጥ አለቀስኩ።

የመጨረሻው ቀን ቧንቧው የአባትሽ ቤት ደጅ ደረሰ። ልጁ ራሱ ነው ሊገጥመው የመጣው። አባትሽ ወጥተው በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። ልጁም ይህን ሲያይ ጀርባውን ሰጥቶ እየሠራ ቀጠለ። እኔ ባልዲ ይዤ መሐላቸው ቆምኩ።

«ኡላሚላ» አሉ አባትሽ ለግድግዳው፤ የመፍቻው ድምፅ ከእግራቸው ሥር ሲመጣ ሰምተዋል። «ለዚያ ለቧንቧ ሠራተኛ ንገሪው፤ ቧንቧው ዝቅ ብሏል፣ ባልዲ አይገባበትም።»

ልጁ ሁለት ክንድ ራቅ ብሎ ነው ያለው። እኔ ግን ሕግ ነውና ደገምኩለት።

«እትዬ» አለኝ፣ «ለቤቱ ባለቤት ይንገሩልኝ። ዝቅ ያደረግኩት ተቀምጠው እግራቸውን እንዲታጠቡበት ነው።»

ይህንንም ደገምኩ።

«ማን ነው እንዲህ አድርግ ያለህ በዪው።»

«ማንም አላለኝም በሏቸው። እናቴ፣ አባቷ ከእርሻ ሲመለሱ ተቀምጠው እግራቸውን መታጠብ ይወዱ እንደነበር ስታወራ ሰምቼ ነው።»

አባትሽ በእግራቸው መሬቱን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። መንገድ አላፊዎች ቆመው ያዩናል፤ ለሰሚውም ለተመልካቹም ግራ ነበርን። ከዚያ «እናቱ ደኅና ናት ወይ በዪው» አሉ።

«ደኅና ናት በሏቸው። ጉልበቷን ብቻ ትንሽ ያማታል።»

«ለጉልበት ቅጠል አለ በዪው። ተቀቅሎ ይታሰርበታል። እዚህ ወንዙ ላይ ነው የሚበቅለው።»

ልጁ ሥራውን አቆመ። «እትዬ፣ ይጠይቁልኝ» አለ። «እዚህ ከሆነ የሚበቅለው፣ እሷ በምን በኩል ታገኘዋለች?»

ይህን አልደገምኩትም። ብቻ ሰምተውታል። ልጁ ቧንቧውን ከፈተው፤ ውኃው መጀመሪያ ጭቃ፣ ከዚያ ንጹሕ ሆኖ ወረደና አባትሽ እግር ሥር ደረሰ። እግራቸውን አላነሱም። ልጁ ዕቃውን ሰብስቦ በጓሮ ዞሮ ወደ መኪናው ሄደ። አባትሽ የመኪናው ድምፅ ድልድዩን አልፎ እስኪጠፋ ጆሯቸውን ሰጥተው ቆዩ።

በማግስቱ ጠዋት ሩሲያቴን «ጥርሱን አውጣው» አሉት፤ ከአያቶቻችሁ የወረደውን፣ ከሰንዱቁ ውስጥ ያለውን። ወንድምሽ ደነገጠ።

«አባባ፣ ከእናት ወገን ወደ አባት ወገን የይቅርታ ጥርስ ሲሄድ ታይቶ አይታወቅም። ሰው ይስቅብናል።»

«ይሳቅ» አሉ። «ያን ጊዜ ተራራ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ መውረድ ያለብኝም እኔ ነኝ። እግሬ አያደርሰኝምና አንተ ውረድልኝ።»

ወንድምሽ በጨርቅ ጠቅልሎ የያዘው እሱን ነው። ሻዩን ሲጨርስ ፊትሽ ሰሌኑ ላይ ያኖረዋል። ምንም ስለማይል ንግግሩን እኔ እዚህ ላይ ልጻፈው። አባትሽ እንዲህ በያት ያሉኝ ይህን ብቻ ነው፦ ያን ቀን ቤት መዋል ነበረብኝ።

እንግዲህ አንሺው፣ ወይም ተዪው። ብትተዪው ቅር አንልም፤ እኛም አንዴ ትተናል። ሩሲያቴን ብቻ ምሳ ሳትሰጪው እንዳትሸኚብኝ። ብታነሺው ግን ለሳኪዩሳ ሽማግሌዎች አድርሺና ልጁን ይዘው ይምጡ፣ አንቺም ከፊት ነይ። ዝናቡ መንገዱን ሳይወስደው ቢሆን ይሻላል። «የምናቀርበው ሰሌን አነሰ» ብላችሁ ደግሞ እንዳትቀሩ። እኔ ለሁለቱም ወገን የሚበቃ ሠርቻለሁ፤ ገሚሱን ላምባሳ የተሠራ ነው ብለን እንዋሻለን፤ ማንም አያውቅም።

አንድ ነገር ጨምሬ ልዝጋ። ልጁ ከሄደ ጀምሮ አባትሽ ቀኑን ሙሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚውሉት። መጀመሪያ የተኙ መስሎኝ ነበር። ሲበሉም ጨፍነው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱም ክንዴን ይዘው፣ ጨፍነው። ደንግጬ «ያምዎታል እንዴ?» ብላቸው «አያመኝም፣ እየቆጠብኩት ነው» አሉኝ። ነርሷ መጥታ ዓይን እንደዚያ እንደማይቆጠብ በደንብ አስረዳቻቸው። አዳመጧት፣ አመሰገኗት፣ መልሰው ጨፈኑ።

ቶሎ ኑ።

የወንድምሽ ሚስት፣
ኡላሚላ