ያን ካምፐር የሚሸከመው መኪና

ውድ ወንድሜ ኦርቪል፣

እንደምን ሰንብተሃል? እግርህስ እንዴት ነው? ከጀልባው ላይ ወድቀህ ሐኪሞቹ ያስገቡልህ ብረት አሁንም ብርድ በመጣ ቁጥር ይቆረጥምሃል ወይስ ለቀቅ አድርጎሃል? ያለ ምርኩዝ ደረጃ መውጣት ጀመርክ? ባለቤትህን ሲግኒንስ፣ ያ ክረምቱን ሙሉ ያስቸገራት ሳል ተዋት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ ጤናችንን ነው እንጂ የኔ ፊትስ ደህና አይደለም፤ ከሰው ፊት ይዤው የምቆምበት አጥቻለሁ።

ሰኞ ደውዬልህ ስለ ዝናቡና ስለ ድርቆሹ ስለፈልፍብህ ቆይቼ የዘጋሁት ሌላ ነገር ልነግርህ አስቤ ነበር። ድምፅህን ስሰማ ግን ወደ ድርቆሹ ሸሸሁ። ማርቪስ ከጎኔ ቆማ ሰምታኝ ኖሮ፣ «አላስካ ድረስ ደውለህ ስለ ድርቆሽ? አይ ያንተ ነገር! በል ቁጭ በልና ጻፍለት፤ ወረቀት ፊትህን አያይም» አለችኝ። ሚስቴ እንደምታውቃት ነች፣ ስትወጋ አትስትም።

በጸደይ ካምፐር ገዛሁ ብዬ እንዴት እንደተንጠባረርኩብህ ታስታውሳለህ። ፒክአፕ ጀርባ ላይ የሚጫን ሙሉ ቤት ነው፤ ቆም ሲሉ አንዱ ግድግዳ ከነሶፋው ወደ ውጭ ተንሸራቶ ሳሎን ይሆናል። ለራሴ ቅንጦት ብዬ አልነበረም። እማማ አውሮፕላን ጆሮዋ አይችልም፤ አንተም በዚህ እግርህ መምጣት አትችልም፤ ከተያያችሁም ዓመታት አለፉ። በየመንገዱ እያሳረፍኩ፣ በደንብ አልጋ ላይ እያስተኛሁ፣ በረዶ ሳይጥል አንተ ደጃፍ ላደርሳት ነበር።

አንተ ያኔ በስልክ ምን አልከኝ? «ሌላንድ፣ የሚንሸራተት ክፍል ያለው ካምፐር ከባድ ነው፣ ያንተ መኪና አይችለውም። መጋዘኑ ውስጥ የተውኩትን፣ ኋላው ጥንድ ጥንድ ጎማ ያለውን ውሰድ፤ እሱ ለዚህ የተሠራ ነው» አልከኝ። እኔስ? «ያንን ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ ለአይጦቹ ተውላቸው፤ የኔ ገና የአዲስ ሽታው አልለቀቀውም» ብዬ ሳቅኩብህ። አሁን ሳስበው ጆሮዬ ድረስ ያቃጥለኛል።

ካምፐሩ ላይ የተለጠፈውን ክብደት አንብቤ፣ የመኪናዬን አቅም አይቼ፣ ልክ ነው አልኩ። ለካ የተለጠፈው የባዶው ቤት ክብደት ነው! ውሃ የለበት፣ ጋዝ የለበት፣ ባትሪ የለበት፣ ብርድ ልብስና ድስት የለበት። ሁሉን ሞልቼ ስጭነው የመኪናዬ ጀርባ ቁጭ አለ፤ የፊት መብራቱ መንገዱን ትቶ ዛፍ ላይ ያሉትን ወፎች ማሳየት ጀመረ። እኔ ብልጡ ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ባልስትራው ላይ የአየር ከረጢት አስገጥሜ ነፋሁት። ቀጥ አለልኝ። ቀጥ ካለማ ቻለው ማለት ነው ብዬ እጄን አጨበጨብኩ። ከረጢቱ ጀርባውን ቀና አደረገው እንጂ ለጎማውም፣ ጎማዎቹን ለሚያገናኘው አክስልም ቅንጣት አቅም አልጨመረም። ይህን ዛሬ አሳምሬ አውቀዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ለሙከራ እማማን ይዤ ወደ ሐይቁ ተነሣሁ። እህል መረከቢያው ጋ የምትሠራውን ኢርማን መቼም አትረሳትም፤ እዚህ አገር ስንዴም የጫነ፣ ከብትም የጫነ፣ እሷ ሚዛን ላይ ሳይወጣ ተራራውን አይጀምርም። እኔም ወጣሁ። በረንዳው ላይ የተኮለኮሉት ሽማግሌዎች፣ «ሌላንድ! ቤትህን ይዘህ ልትጠፋ ነው እንዴ? ማርቪስ ታውቃለች?» እያሉ ተንከተከቱ። ኢርማ ግን አልሳቀችም። ጠጋ ብላ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የኋላ አክስልህ ላይ ከሚችለው በላይ የሁለት ወይፈን ክብደት ጭነሃል። ስማኝ፣ እናትህን ይዘህ ያን ተራራ እንዳትወጣ» አለችኝ።

ድምፅዋን ዝቅ ያደረገችው ሰው ፊት እንዳላፍር ብላ ነበር። እኔ ያንን ደግነቷን ለውሸት ተጠቀምኩበት። ወደ መሪው ስመለስ እማማ «ምን አለችህ?» ብትለኝ፣ «ልክ ነው አለች» አልኳት። እነዚያ ሽማግሌዎች እያዩኝ ካምፐሩን ማውረድ አልሆንልህ አለኝ፣ ወንድሜ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ተራራውን ወጥተን ቁልቁለቱን ስንጀምር ነፋስ ከጎን መታን። ካምፐሩ ከላያችን ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር። እማማ የበሩን እጀታ ጨበጠች። ወዲያው የኋላው ቀኝ ጎማ ፈነዳ። መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ሲል እንደምንም ይዤ፣ ዳር ያለውን የብረት አጥር እየፋቅኩ አቆምኩት። እማማ አልተጎዳችም። እንዳትደነግጥ ደግመህ አንብበው፣ አልተጎዳችም። ግን ከአጥሩ ማዶ ያለውን ገደል በመስኮቷ አይታዋለች። ላንተ ብላ በእጇ የሠራችው የዱር ቼሪ ማርማላታም ጠርሙሱ ሁሉ ተሰባብሮ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። እስከ ዛሬ ብፈትገው አልለቅ ብሎኛል።

ከመኪናው ካወረድኳት በኋላ፣ «ኢርማ ምን ነበር ያለችህ?» አለችኝ። አልጮኸችብኝም። እውነቱን ነገርኳት። ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝም እንኳ በወደድኩ፤ እሷ ግን ፊቷን አዙራ ቆመች። ጎረቤታችን ኤምሪ ድርቆሽ ጭኖ ሲያልፍ አይቶን ቆመልን። እማማ ቦርሳዋን አንሥታ እሱ ጋ ተሳፈረች። እኔ እወስድሻለሁ፣ ጎማውን ቀይሬ ካምፐሩን አወርዳለሁ ብዬ ብለምናት፣ «ከድርቆሹ ጋር ብሄድ ይሻለኛል፤ እሱ ቢያንስ ተመዝኗል» ብላኝ ሄደች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት!

ከዚያ ወዲህ ታበስልልኛለች፣ ልብሴን ትሰፋልኛለች፤ አንተ ጋ ስለመሄድ ግን አታነሣም። ሻንጣዋን መልሳ አልጋዋ ሥር ከታዋለች። እማማ መንገድ ላይ ለኤምሪ አጫውታው ኖሮ፣ በከተማው ስሜ «ሁለት ወይፈን» ሆኗል። እሱን እችለዋለሁ። ሻንጣውን ግን ማየት አልቻልኩም።

ትናንት ሌባ ይመስል ግራ ቀኙን አይቼ መጋዘኑ ገባሁ። ያንተን መኪና በር ከፍቼ ምን ያህል እንደሚሸከም የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩ። አሁን ከኢርማ ሚዛን ባገኘሁት በሙሉው ክብደት አሰላሁ፤ ከነውሃው፣ ከነጋዙ፣ ከነእማማ፣ እንደገና ልትሠራው ከምትችለው ማርማላታ ጋር። ይችለዋል፣ ይተርፈዋልም። አንተ አላስካ ሆነህ የታየህ ነገር ለኔ አፍንጫዬ ሥር ሆኖ አልታየኝም።

እማማን «ኦርቪልን አንቺ ጠይቂልኝ» ብላት፣ «የሳቅክበት አንተ፣ የምጠይቀው እኔ?» አለችኝ። ስለዚህ ይኸው እኔው እጠይቅሃለሁ። መኪናህን ትሰጠኛለህ? ልትቆጣኝም ልትስቅብኝም መብትህ ነው፤ ሁለቱንም ዋጥ አደርጋለሁ። ቁልፉ አንተ የሰቀልክበት ከወጥ ቤቱ በር ኋላ አለ። ቃልህ እስኪመጣ እጄን አላሳርፍበትም።

ለሲግኒ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ሳሏን ችላ እንዳትል። ለልጅህ ለቴስ አጎትሽ ይወድሻል በልልኝ፤ ይህን ታሪክ ግን ለጊዜው አትንገራት። ማርቪስ ሁላችሁንም ትስማችኋለች።

የእማማን ሰላምታ መጨረሻ ያቆየሁት ደብዳቤውን እስካነብላት ነው። አንድም ቃል ሳታስቀንስ ሰማችኝ። ከዚያ፣ «ኦርቪል እሺ ካለ እሄዳለሁ። ግን መጀመሪያ ኢርማ ጋ እንቆማለን፤ ሚዛኑን የማነበው እኔ ነኝ» አለች። ተነሥታም መነጽሯን ጠርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ታናሽ ወንድምህ ሌላንድ

ዊሎ ቤንድ፣ ሞንታና
ጁላይ 12 ቀን 2018