ቁርባኑ እንዳይመለስ

መስከረም 28
ለማስተማር አራተኛ ክፍል ገባሁ። ጠመኔ ወደቀብኝ። ጎንበስ ስል ያው... ኮምጣጣው አፌ ድረስ። ዞር ብዬ ዋጥኩት። ልጆቹ ለምደውኛል መሰለኝ፣ ማንም ልብ አላለኝም። ቃር ነው ይላሉ። ቃር ብቻ ቢሆንማ በተልባ ያልፍ ነበር።

ጥቅምት 2
እሑድ። ለቁርባን ሲጠሩ ባሌ ደርቤና እኔ እንደ ልማዳችን ወደ ኋላ ቀረን። የነፍስ አባታችን አባ ዓለምብርሃን አልከለከሉኝም፤ የፈራሁት እኔው ነኝ። ቅዱስ ሥጋውን ተቀብዬ ቢመለስብኝስ? ምን ይውጠኛል? ደርቤን አንተ እንኳ ቁረብ ስለው፣ አንድ ሥጋ ነን፣ ብቻዬን አልቆርብም አለ። በኔ ጉሮሮ ምክንያት ስድስት ዓመት... ከሕመሙ ይልቅ ይሄ ይከብደኛል።

ጥቅምት 13
ጎንደር። መንገዱ ሰላም ነበር፣ ተመስገን። ሐኪሟ ዶክተር ዚነት የደባርቅ ልጅ ናት፣ የጨርቅ ነጋዴው የሙጂብ ልጅ። እኔ አላስተማርኳትም፤ ለዚህ ይሆናል እንዲህ የጎበዘችው።
በጉሮሮዬ ካሜራ አስገብታ አየችኝ። የጨጓራዬ በር ላልቷል። መድኃኒቱ አሲዱን ይቀንሳል እንጂ በሩን አይዘጋም አለች። በአፌ ቀጭን ቱቦ አስገብታ የበሩን ዙሪያ በትንንሽ ላስቲክ ታስራለች። ላስቲኩ በኋላ ይወድቃል፤ ቁስሉ ሲድን በሩ ይጠባል። ሆድ መቅደድ የለ፣ መስፋት የለ። ለሁሉም አይሆንም፣ ለእርስዎ ግን ይሆናል ባይ ነኝ አለችኝ።

ጥቅምት 27
ጎንደር፣ ላስቲኩ የሚታሰርበት ቀን። ጉድ ሠራሁ። ምንም እንዳልቀምስ፣ ውሃም ቢሆን፣ ተነግሮኝ ነበር። ጧት ደርቤ ከደባርቅ የያዘልኝን ጠበል ጠጣሁ፣ አንድ ጣሳ ሙሉ። ጠበል በባዶ ሆድ አይደል የሚጠጣው? ለነርሷም በኩራት ነገርኳት። ወዲያው ማደንዘዣውን አስቆመች። ደርቤ የሚገባበት ጠፋው። ቀረብኝ ብዬ ሳለቅስ ዚነት መጣች።
"ጠበሉን ንቄ አይደለም። ተኝተው ሳሉ ወደ ሳንባዎ እንዳይሄድ ነው። ከሰዓት ይግቡ፤ እስከዚያ ይጸልዩ።"
አልተቆጣችኝም። በኔ ጥፋት ምሳዋን ሳትበላ ዋለች። ሙስሊም ሆና ስለ ጠበሌ የተናገረችበት አክብሮት... ወላጆቿ ይባረኩ።

ጥቅምት 28
አለቀ። ትናንት ስነቃ ሆዴን ዳበስኩ። አንድ ስፌት የለም። ደረቴን ያመኛል፣ ከሾርባ በቀር አልዋጥ ብሎኛል። ግን የሰው እጅ ይህን ያህል ይችላል?

ኅዳር 19
ኮምጣጣው እንዳይመጣብኝ በትራስ ክምር ላይ ነበር የምተኛው፤ ዛሬ በአንድ ትራስ ተኝቼ አደርኩ። እንዳልመካ ዝም ልበል።

ታኅሣሥ 24
ዚነት ዳግም አየችኝ። በሩ ጠቧል። የቁርባኑን ነገር ዛሬ ነገርኳት። ለምን ቀድሜ እንዳልነገርኳት እንጃ። እንዲህ አለችኝ፦
"ዋስ አልሆንዎትም። እኔ ብሆን ግን አልፈራም።"
እውነቱን ስለነገረችኝ ይበልጥ አመንኳት። አባ ዓለምብርሃንም ሰምተው፣ እንግዲህ ፍርሃትሽን ለእሱ ተዪለት ልጄ አሉኝ።

ጥር 21
ቆረብን።
አፌን በነጠላ ሸፍኜ ቤት ገባሁ። እንቁላል እንደ ተሸከመ ሰው ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ደርቤ ፊት ለፊቴ። ዓይኑን ከጉሮሮዬ አልነቀለም። አንድ ጊዜ ዋጥ ሳደርግ ከመቀመጫው ተነሣ... ምራቄን ነበር። ቀኑ እንዲህ ሄደ።
ወደ ማምሻው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ውስጥሽ አለ?" አለኝ።
"አለ።"
በስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ያላማረረብኝ ሰው ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ። እኔም የማለቅስ መስሎኝ ነበር። ግን ራበኝ። እንዲህ ያለ ረሃብ ከመቼ ወዲህ ነው? ተነሥቼ ለሁለታችን ገበታ አቀረብኩ።